«ተፈውሰዋል» ተብለው የተመዘገቡት መምህርት ዶርቃስ ዋቅጋሪ

መምህርት ዶርቃስ ዋቅጋሪ ከአባታቸው ከኦቦ ዋቅጋሪ ኢጄታ እና ከእናታቸው ከአዴ አያንቱ ፊጤ በ1968 ዓ.ም. በሸነን ከተማ ተወለዱ። የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው፣ ሁለተኛ ደረጃን አምቦ ተምረው በመምህርነት ሠለጠኑ። ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ በእንጭኒ፣ ኋላም በአምቦ ሳይንስ አስተማሩ። ቆሽትን በጠመኔ ስለው፣ ደወል ቢደወል እንኳ ተማሪው ሳይገባው ከክፍል የማይወጡ ብርቱ ሴት ነበሩ። በ1994 ዓ.ም. ከአቶ ታምራት ሥዩም ጋር ትዳር መሥርተው ሮሆቦትንና ሃዊን ወልደዋል።

በ2008 ዓ.ም. የስኳር ሕመም ተገኘባቸው። ኢንሱሊን ይወጋሉ፣ ይጸልያሉም፤ ሁለቱ ተጣልተውባቸው አያውቁም ነበር።

በ2013 ዓ.ም. ጸሎት ከሕመም ይፈውስ እንደሆነ የሚያጠና ቡድን ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው መጣ። መጠይቁን ይዞ በየምእመኑ ቤት እንዲዞር የተቀጠረው ታናሽ ወንድማቸው ሞቱማ፣ ይህን የማነብላችሁ እኔ ነኝ። «ተፈውሰዋል?» የሚለው ጥያቄ ላይ ስደርስ «አሜን፣ ተፈውሻለሁ» አሉኝ። በእኛ ዘንድ የተጸለየለት ሰው ፈውሱን ሳያየው በእምነት ያውጃል፤ ገና አሞኛል ማለት ጸሎቱን እንደ መካድ ይቆጠራል። ይህን አጥቼው አይደለም። የዚያን ዕለት ጠዋት መርፌያቸውን ሲወጉ በዓይኔ አይቻለሁ። መጠይቁ ግን «አዎ» እና «አይደለም» ብቻ ነበረው። «አዎ» ላይ ራይት አድርጌ ወደሚቀጥለው ቤት ሄድኩ። ወይ እኔ!

በ2015 ዓ.ም. የጥናቱ ውጤት ከመድረክ ተነበበ። አብዛኞቹ ተፈውሰዋል ተባለ፤ እልልታው ቀለጠ። መድኃኒት እንዳታቋርጡ የሚለውን ገጽ ያነበበ አልነበረም። እህቴም «ይኸው ሳይንሱም መሰከረ» ብለው መርፌውን ተዉ። ሳይንስ ያሉት የራሳቸውን አሜን መሆኑን፣ የጻፍኩትም እኔ መሆኔን ዘግይቼ ነገርኳቸው። «አንተ ልጅ፣ እምነትህ ደከመ» ብለው ሳቁብኝ።

ኩላሊታቸው ተጎድቶ ሆስፒታል ሲተኙ ቅጹ እንዲታረም ቡድኑን ለመንኩ። መረጃው ተዘግቷል አሉኝ። መምህርት ዶርቃስ ጥር 19 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ48 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። በጥናቱ ላይ ግን እስከ ዛሬ ከተፈወሱት ጋር ይቆጠራሉ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አንድ ወንድማቸውን ትተውልን ሄደዋል። ጌታ ነፍሳቸውን በእቅፉ ያኑር፤ ለታምራትና ለልጆቹ መጽናናትን ይስጥ። እኔን ግን እባካችሁ አታጽናኑኝ።