ሣጥናችንን ይዘው ኅብረቱ ፊት የቆሙት የጋሽ ስንዝር የሕይወት ታሪክ

ከዚህ በታች ያለው ሁሉ አንዲት ቃል ያልተጨመረበት እውነት ለመሆኑ ጸሐፊው ታናሽ ወንድማቸው በሬሳቸው ይምላል።

ጋሽ ስንዝር ከሚዛን ጠጋኙ አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው በወንዝ ማዶ ሰፈር ተወለዱ። ሲወለዱ አምስት ኪሎ ተኩል መዘኑ፤ አባታቸው አላምን ብለው ሦስት ሚዛን ቢቀያይሩም ሦስቱም ያንኑ አሉ። ትምህርት ቤት ገብተው የሒሳብ መምህሩን አንድ ጊዜ ስላረሟቸው፣ መምህሩ ሥራ ለቀው ንግድ መጀመራቸውን አገር ያውቃል። ሜትር ሳይዙ በስንዝራቸው ብቻ የበር ቁመት እስከ ሚሊ ሜትር ይናገሩ ነበርና ቅጽል ስሙ በዚያው ጸናባቸው።

በሃያ አራት ዓመታቸው በክልሉ ግብርና ቢሮ የቲማቲም ሣጥን መርማሪ ሆነው ተቀጠሩ። ያን ጊዜ የሣጥን ልክ የሚወስነው የክልሉ ምክር ቤት ነበር። የጋሽ ስንዝር የጋለ ማኅተም ያላረፈበት ሣጥን የገበያውን በር አያልፍም። በሠላሳ ዓመታቸው የሣጥን አናጢውን እኅት አግብተው ሁለት ሴት ልጆች አፈሩ። የማኅተሙ ብረት ከመኝታ ቤታቸው በር ጀርባ፣ ከኮታቸው በላይ ተሰቅሎ ይኖር ነበር።

ሃምሳ አንድ ዓመት ሲሞላቸው የፌዴራሉ መንግሥት ከጎረቤት አገሮች ጋር ኅብረት ገባ፤ የሣጥን ልክም በሁሉም አገር አንድ እንዲሆን ፈረመ። ክልሉን የጠየቀው የለም፤ በደብዳቤ ሰማ። መወሰኑ ለኅብረቱ፣ መፈረሙ ለፌዴራሉ ሆነና ለክልሉ የተረፈው ማስፈጸሙ ብቻ ነው። የእኛ ሣጥን በሁለት ጣት ይሰፋ ነበር።

ጋሽ ስንዝር ይህን ሲሰሙ አማቻቸውን አናጢውን አንድ ሣጥን አሸክመው እስከ ኅብረቱ ጉባኤ ድረስ ገሠገሡ። የሃያ ሁለት አገር ሚኒስትሮች በተቀመጡበት ሣጥኗን ጠረጴዛው ላይ ኳ! አድርገው «ጌቶቼ፣ እናንተ የፈረማችሁትን ቲማቲሙ አልፈረመም!» ቢሉ አዳራሹ ሙሉ ብድግ አለ። አስተርጓሚዋ አለቀሰች። የፌዴራሉ ተወካይ «ኧረ ጋሼ፣ በሰው ፊት አያዋርዱኝ» ብሎ ጉልበታቸውን ያዘ። የተሸነፉት በአንድ ድምፅ ብቻ ነው።

ሲመለሱ ማስፈጸሙ የእሳቸው ሥራ ነበርና አሥራ አንድ ሺሕ ሣጥን ሰበሩ፤ በእያንዳንዱ ላይ አንድ እንባ አፍስሰዋል። አድልዎ አያውቁም። በጥጉ ቤት ሣጥን የምትሠራው ባልቴት ሣጥኖቿን አቅፋ «ጋሼ፣ ሁለት ጣት እኮ ነው፤ እኔው ልላገው» ብትላቸው «እናቴ፣ ሕጉ መላጊያ አያውቅም» ብለው ካቀፈቻቸው ላይ ነው የጀመሩት። ቤቷ በዓመቱ ተዘጋ።

ዛሬ ሣጥን ሠሪዎቹ «የሰበረንን አንሸከምም» ማለታቸው ተሰምቷል። ይህ ታሪክ የተጻፈው እነሱ ሰምተው ትከሻቸውን እንዲሰጡ ነው። ለሃያ ሁለት አገር ያልተንበረከከ ሰው ሬሳው ደጅ ላይ መቅረት የለበትም።

ጋሽ ስንዝር ሁለት ዓመት በሳንባ ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት፣ በስድሳ ሦስት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና በመልክም በንግግርም የሚበልጣቸውን አንድ ወንድም ትተዋል። ሲለኩ ኖረዋልና ፈጣሪ ነፍሳቸውን ሳይለካ ይቀበላት።

ይህ ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት ለዓይን ምስክሩ ለአናጢው ተነበበላቸው። የሬሳ ሣጥኑን ክዳን እየመቱ ነበር። እስከ መጨረሻው አዳመጡና በከንፈራቸው የያዟቸውን ሚስማሮች አንድ በአንድ አወጡ። ቀጥሎ ያለው ንግግራቸው አብሮ ካልታተመ አንዱም እንዳይታተም የጋሽ ስንዝር ባለቤት አዝዘዋል።

«አዳራሹን እሱም እኔም አላየነውም። ወንበር ያለው ለአገር ነው፣ ለክልል የለም፣ ተወካያችሁን ጠይቁ ተባልን። ኮሪደር ላይ ዋልን። ተወካዩ ለምሳ ሲወጣ ሣጥኔ ላይ ተቀምጦ ዳቦውን በላ፤ ጋሽ ስንዝር ኮቱን ይዞለት ቆመ። ሲጨርስ አዲሱን መለኪያ ዘንግ አቀበለውና ተነሥቶ ገባ። ጋሽ ስንዝር ሣጥኔን ለካት። በሁለት ጣት ትሰፋለች። እዚያው በጫማው ሰበራት። ስበር ያለው ሰው አልነበረም።»