በለጠች ያስመጣችው ሞንታርቦ

ይድረስ ለልጄ ለጥሩወርቅ። እመብርሃን በሰው አገር ጥላ ከለላ ትሁንሽ። እኛ ደህና ነን፤ ላሚቱም ወልዳለች።

ጎረቤታችን በለጠች ልጇን ዳረች። ደባርቅ ሰርግ ሲኖር ዘፈን አውጪዋ እኔ ነበርሁ፤ እሷ ግን እኔን ትታ ከጎንደር ሞንታርቦ አስመጣች። ይጮሃል እንጂ የማን ሰርግ እንደሆነ ምን ያውቃል? እኔ ብሆን የሙሽራዪቱን አያት እንኳ በስማቸው አነሣቸው ነበር። ቀናሽ ትይኝ ይሆናል፤ አዎ፣ ቀናሁ! ይባስ ብሎ ትከሻዬ ከዳኝና ለዚያው ለሞንታርቦ እስክስታ ስወርድ በለጠች አይታ ሳቀችብኝ።

ላንቺ ሰርግ ሞንታርቦውም ይምጣ፣ ግድ የለም። ነፍሱን ይማረውና፣ አባትሽን በስሙ እያነሣሁ የምዘፍነው ግን እኔ ነኝ። ፈጣሪ ለዚያ ቀን ያብቃን። ብቻ ልጄ፣ ድምፄ ሳይዘጋ ነይልኝ።

እናትሽ የሺወርቅ