የኤረሩ ጥቁር፣ የግቢያችን ቀይ

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 11

አባባ ዛሬም የወይን ጠርሙሶቹን ሲዳስስ ዋለ። "ሞቀዋል፤ ይበላሻሉ" ይላል። በሚያዝያ ድሬዳዋ ውስጥ የማይሞቅ ምን አለ? እኔም ሞቄያለሁ። እሁድ የልጄ የሰብለ ሠርግ ነው፤ ድንኳኑ አልመጣ፣ በርበሬው አልተፈጨ፣ እሱ ወይኑን ብቻ ያስባል።

ግን እንዴት ልፍረድበት? ባቡር ነጂ ሳለ በየዓመቱ ከኤረር ጣቢያ ጥቁር ወይን በቅርጫት ያመጣ ነበር። አንዴ እኔንም ወሰደኝ። ያ ሁሉ ጠጠርና ግራር አልፎ ድንገት አረንጓዴ፤ የምንጩ ውሃ በየቦዩ ሲወርድ፣ ወይኑ እስከ ምድር ተንዠርግጎ። ቀሚሴን አበላሽቼ ስመለስ እናቴ ገረፈችኝ። ያን ቀን ግን በምንም አልለውጠውም።

የኤረሩ ብቻውን ይከብዳል፤ የግቢያችን ሐረግ ቀይ ብቻውን ውሃ ውሃ ይላል። ሁለት እጅ ከዚያ፣ አንድ እጅ ከዚህ፤ የአባባ ድብልቅ ይኸው ነው። በእኔም ሠርግ ተጠጥቷል። አሁን ኤረር ላይ ወይኑን ነቅለው ሌላ ተክለውበታል አሉ። ጥር ላይ የጠመቅነው የመጨረሻው መሆኑ ነው። አባባ ደግሞ ለተጠራው ሁሉ "ከእጄ ትጠጣላችሁ" ብሎ ጨርሷል።

ረቡዕ

ግቢው የግሪኩ የሙሴ ያኒ ሳለ አባባ ጠርሙሶቹን ቀዝቃዛው ምድር ቤት ያስቀምጥ ነበር። ቤቱ ተወረሰ፣ ሙሴ ያኒ አገሩ ገባ፣ አምና ቀበሌ ምድር ቤቱን ለጎረቤታችን ለሐሊማ ሰጣት። የምትሸጠውን ጫት ታሳድርበታለች።

ጠርሙሶቹን እንድታስገባልን ሄጄ ለመንኳት። ሐሊማ እህቴ ማለት ናት፤ ሰብለን ስወልድ ወገቤን የያዘችው እሷ ነች።

"ያ ረቢ! አልማዝ፣ ቤቱን ልቀቂ በይኝ፣ እለቅልሻለሁ ወላሂ። ኸምር ግን ከእኔ ጣራ ሥር አይገባም።"

እውነቷን ነው፤ እኔ ግን ተናድጄ ወጣሁ። ኋላ እርጥብ ጆንያ ተሸክማ መጣች። ጫቷን እንዲህ ጠቅልላ ነው የምታቀዘቅዘው። "ጆንያ ነው የሰጠሁሽ። ምን እንደምትጠቀልይበት አልጠየቅሁሽም" አለች። ሳልወድ ሳቅሁ።

አርብ

የመደባለቂያው ቀን። አባባ ተላጭቶ፣ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ተቀመጠ። ከኤረሩ ቀመሰ። ደገመ። ብርጭቆውን ሰጠኝና "እስቲ አንቺ ቅመሺው፤ ምናልባት የእኔ አፍ ይሆናል" አለ።

አፉ አልነበረም። ኮምጥጧል። የግቢውም እንደዚያው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

"ቢራ እንገዛለን" አልኩት። ምን ዓይነት ደደብ ነኝ! ልድፋው ወይ ስለው "ደባልቂው" አለኝ። ሁለት እጅ፣ አንድ እጅ፣ እንደ ሁልጊዜው። እያለቀስኩ ደባለቅኩት።

ቅዳሜ

አባባ ከአልጋ አልወረደም። ነገ በምን ፊቱ ሰው ፊት ይቀርባል?

ሐሊማ ቢላዋዋን ይዛ መጣች፤ የእስላሙ ድስት የእሷ ነው። ሽንኩርት እየከተፈች ድብልቁን አሸተተች።

"አቦ፣ ይሄ ኮምጣጤ ነው'ኮ!"

"ወይን ነበር" አለ አባባ ከውስጥ።

"ራሱ ነው የኮመጠጠ? ምንም አልጨመራችሁበትም?"

"ምን ይጨመርበታል!"

"እንግዲያ ኸምርነቱ ቀርቷል፤ ሐላል ነው።" ጣቷን ነክራ ቀመሰች። ደግማ ነክራ "አባ ተሰማ፣ ከሥሩ የሚጣፍጥ ነገር አለው። ምንድነው?" አለች።

"እሱ የኤረሩ ነው።" አባባ ተነስቶ በሩ ላይ ቆሟል። ይህን ሁሉ ዘመን አንድ ግቢ ስንኖር ሐሊማ ከእጁ ሥራ ስትቀምስ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ሰኞ

ሰብለ ትናንት ተዳረች። ሰዓት እላፊ ሳይደርስ ሰዉ ተበተነ። የተጠጣው ቢራና ጠላ ነው፤ አንዳንዱ "ወይኑስ?" እያለ አባባን አሳቀቀው። ሰላጣው ግን በሁለቱም ወገን ገበታ የአባባን ኮምጣጤ ጠጥቶ ቀረበ። አባባ በእስላሙ በኩል እየዞረ "ቀመሳችሁ?" ሲል ነበር። እንዲያ ሲል አይቼው አላውቅም።

ዛሬ ጠዋት ሐሊማ ራሷ የኮምጣጤውን ጠርሙሶች ምድር ቤት አስገባች። ወይን ሌላ አይኖርም፤ እሱን አባባም ያውቃል። ያሳዝነኛል።

ምሳ ደርሶ ብፈልገው እዚያው ነው። እሷ ጫቷን እያሰረች፣ እሱ ሳጥን ላይ ተቀምጦ የባቡር ነጂነት ዘመኑን እያወራላት።

"አባባ፣ ምሳ" አልኩት።

"ቆይ፤ ባቡሩ ገና ኤረር አልገባም።"

እኔም ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።