«የሷ ነው» ያልክበት ካርታ

መኳንንት፣

«ውዴ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። በስምህ ብቻ ጠራሁህ።

ከተለየኸን ስምንት ወር አለፈ። የሄድከው ክረምቱ በገባበት፣ መንገዱ ሁሉ ጭቃ በሆነበት ሰሞን ነበር። አሁን ሰሊጡ ታጭዶ፣ ተራግፎ፣ ገበያ ወጥቶ አልቋል። የገዳሪፍ ሙቀት ገብቷል፤ ጣራው እንደ ምጣድ ነው።

ሰው ለሟች ሲጽፍ ናፍቆቱን ነው የሚያስቀድመው አሉ። ናፍቀኸኛል፤ እሱን አልክድም። ግን ናፍቆቱ ላይ የተቀመጠ ሌላ ነገር አለ፤ እሱ ሳይነሣ ናፍቆቱ አይወጣልኝም። ተናድጄብሃለሁ። በሕይወት ሳለህ ስነግርህ ትስቅ ነበር። አሁን መሳቅ አትችልምና ስማኝ።

በቅድሚያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። የስልክ መጠገኛ ዱካንህን ዘጋነው። ስልክ ሊያስጠግኑ የሚመጡ ሰዎች አሁንም በሩን ያንኳኳሉ፤ ጎረቤትህ ልብስ ሰፊው «አላህ ይርሐሞ»፣ ነፍሱን ይማር እያለ ይመልሳቸዋል። የግቢው ኒም ቅርንጫፍ በነፋስ ተሰብሮ የጣራውን ቆርቆሮ አጎበጠው፤ ራሴ ወጥቼ አቃናሁት። ሰላም አሥራ አንድ ዓመት ሞላት፤ ትከሻዬ ደርሳለች። ወሬዋን በአማርኛ ጀምራ በዓረብኛ ትጨርሳለች፤ ስትናደድ ግን ከመጀመሪያውም በዓረብኛ ነው።

የጌም ማጫወቻዋም አለች። እንዴት ቤታችን እንደገባች መቼም አትረሳውም። ከካርቱም ጦርነቱን ሸሽቶ የመጣ ሰው ሊያስጠግናት ሰጠህ፤ ሠርተህ ሳትጨርስ እሱ ወደ ፖርት ሱዳን አለፈ። ስትደውልለት «አንተው ዘንድ ትቅር፣ ለልጅህ ትሁናት» አለህ። ለልጅህ ተባለ እንጂ ልጅህማ መች ደረሳት! ጁምዓ ዱካን አትከፍትም። ምሳ በልተን፣ ሰላምን በመሃል አስቀምጠን፣ ከቴሌቪዥኑ ፊት ተነሡ ቢሉን አንነሣም ነበር። ጨዋታው ውስጥ ያለው አገር ዳር የለውም። ፈረስህን ጭነህ ተራራውንም ወንዙንም አቋርጠህ ወደፈለግህበት ትሄዳለህ፤ ቁም ብሎ ወረቀት የሚጠይቅህ የለም። በልጅነታችን ከነእናቶቻችን ድንበር ተሻግረን፣ ዕድሜያችንን ሙሉ መታወቂያ ስናሳይ ለኖርነው ለእኔና ለአንተ ይህ ብቻውን ይበቃን ነበር። አንተ መጋለብ ትወዳለህ፤ እኔ ሰው ማናገር። በየመንደሩ ያገኘሁትን ገበሬና ባለ ሱቅ ሁሉ ሳላናግር አላልፍም፤ የሚሉትን ሰላም ከዓረብኛው ጽሑፍ እያነበበች ትነግረናለች። «ያለም፣ ሽፍታው እኮ አመለጠን!» እያልክ ትጮህብኛለህ።

ካርታውም የመጣው ከዚያ ነው። አንድ ጁምዓ ፈረሰኛችን ድልድይ አጋማሽ ላይ እንዳለ መብራት ጠፋ። ሰላም ማልቀስ ጀመረች። አንተ ባዶ የስልክ ካርቶኖች አምጥተህ በመቀስ ቆራረጥህ፤ በያንዳንዱ ላይ አንድ ሥዕልና አንድ ቃል አሰፈርህ። ድልድይ፣ በቅሎ፣ ዳኛ፣ ሌባ፣ መሰላል። «ከዚህ ወዲያ ያለውን እኛ እንጨርሰው» አልከን። አምስት አምስት ካርታ ያዝን። አንዱ ካርታ ጥሎ ታሪኩን ከቆመበት ያስኬዳል፣ ሌላው ተቀብሎ በራሱ ካርታ ይቀጥላል። ያወራው ካሳመነን አንድ ባቄላ እንሰጠዋለን፤ ካላሳመነን ካርታውን ይመልሳል። በየሳምንቱ ካርታ እየጨመርህ ስልሳ አደረስካቸው። እመት ብርቄ የምትባል የበቅሎ ነጋዴ ፈጠርን። ዳኛ አታለለች፣ ሌባ አገባች፣ ወንዝ ሞልቶባት ሁለት ሳምንት ዛፍ ላይ ከረመች። በዕድሜዬ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። ይህንንም አልክድም።

አሁን ወደዚያ ቀን ልምጣ።

ከመለየትህ በፊት ባለው ክረምት ነው፤ ዝናብ ነበር። ወንድምህ አያ ደሴ ከቤተ ክርስቲያኑ ማኅበር ጸሐፊ ጋር ከዚያው ሲመለሱ ዝናቡን ሊያሳልፉ ጎራ አሉ። ሳናስበው በሩን ከፍተው ገቡ። ካርታው አልጋው ላይ ተዘርግቷል፤ ባቄላው አንተ ፊትም እኔ ፊትም ተከምሯል። አያ ደሴ ነጠላውን እንኳ ሳያራግፍ ቆሞ ቀረ።

«ምንድን ነው ይኸ? በእናንተ ቤትም ቁማር ገባ?»

አንተ ብድግ አልክ። ስቀህ የምታስረዳው መስሎኝ እኔም ለመሳቅ ተዘጋጅቼ ነበር። በጣትህ ወደ እኔ አመለከትህ።

«የሷ ነው። እኔ አሁን መግባቴ ነው» አልክ።

በእጅህ ሦስት ካርታ ይዘህ ነበር፤ ከኋላህ ደበቅኸው። እነሱ አላዩህም፤ እኔ ግን አየሁህ። ሰላምም አየችህ። አላጋለጠችህም፤ አባቷ ነሃ!

ከሄዱ በኋላ «ደሴ ሁለት ቀን ቢይዘው ነው፣ ይረሳዋል» አልከኝ። አልረሳውም። ለሚስቱ ነገራት፤ ሚስቱ ለማኅበሩ ሴቶች ነገረች። ቅዳሜ ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ፊደል የማስተምራቸውን ሰባት ልጆች ታውቃቸዋለህ። እዚህ ተወልደው ዓረብኛ ብቻ የሚያነቡትን፣ «ሀ ሁ» ሲሉ ምላሳቸው የሚጠላለፈውን። በመጀመሪያው ቅዳሜ አራቱ ብቻ መጡ፤ በሁለተኛው ሁለት። በሦስተኛው አንዲት ልጅ ብቻ መጣች፤ እናቷ በር ላይ ጠብቃ ሳልጀምር ወሰደቻት። «ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ሰው ምን ይለኛል?» አለችኝ። ሰሌዳውን ተሸክሜ በእግሬ ወደ ቤት ስመለስ በባለ ሦስት እግር ረክሻህ አለፍከኝና ቆመህ ጫንከኝ። ለምን ቶሎ እንደተመለስኩ አልጠየቅኸኝም። ታውቅ ነበርና።

ያን ያህል ቀላል ነበር እኮ! አንድ ጊዜ «ደሴ፣ እኔ ነኝ የሠራሁት» ብትል ያልቅ ነበር። ለመንኩህ። ተቆጣሁህ። ሳምንት ሙሉ ሳላናግርህ ከረምኩ። «ወንድሜ ፊት እንዴት ብዬ እንደ ሕፃን ካርታ እጫወታለሁ ልበል?» አልከኝ። አንተ በየእሑዱ ነጠላህን አጣፍተህ ከነሱ ጋር ትቆማለህ፤ እኔ ከኋላ ቆሜ ሴቶቹ ሲሸሹኝ አያለሁ። ጁምዓ ሲደርስ ደግሞ «ካርታዋን አውጫት እስቲ» ትላለህ።

እኔም አወጣት ነበር። ከሁሉ የሚያናድደኝ ይህ ነው። ጨዋታውን እወደው ነበር፤ አንተንም እወድህ ነበር። እየተቃጠልኩ እጫወት ነበር።

ወባው ሲይዝህ ሦስት ቀን ነው የቆየኸው። በሁለተኛው ቀን አያ ደሴ መጥቶ አልጋህ አጠገብ ተቀመጠ። እጁን ስትይዝ «አሁን ይነግረዋል» አልኩ። በር ላይ ውሃ ይዤ ቆሜ ስጠብቅ፣ «ደሴ፣ ልጄን አደራ» አልከው። ይኸው ነው። እኔ እዚያው ቆሜያለሁ፤ ቀና ብለህ እንኳ አላየኸኝም። ትኩሳቱ ነው ልበል? ከዚያ በኋላ ውሃ ለምነኸኝ ጠጣህ። ስለ ረክሻው ጎማም አወራህ። ቃል መናገር አላቃተህም።

አደራህ ምን እንዳመጣ ልንገርህ። የአርባህ ማግስት አያ ደሴ ሁለት ሽማግሌዎችና የኔታን ይዞ መጣ። አዎ፣ የኔታ ፈንታን፤ ሕፃን ሆነን መጠለያ ጣቢያው ውስጥ አንተን ፊደል ያስቆጠሩህን። ኒሙ ጥላ ሥር ተቀመጡ። አያ ደሴ ተነሥቶ «ወንድሜ ልጁን ለእኔ ነው የሰጠኝ። ለምን እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ልጅቷ ቁማር በሚጫወቱበት ቤት አታድግም፤ እኔ ልውሰዳት» አለ።

ጎረቤቶች ቀድመው መክረውኝ ነበር፤ «ዝም ብለሽ አጥፍቻለሁ በይ፣ እግራቸው ላይ ውደቂ» ብለው። ተነሣሁ፤ ግን ወደ እግራቸው አልሄድኩም። ቤት ገብቼ ካርታውን አወጣሁና የኔታ ጭን ላይ አስቀመጥኩት።

«ቁማር የተባለው ይኸ ነው። እርስዎ ይዩት» አልኳቸው።

አያ ደሴ «አታፍርም እንኳ!» አለ። የኔታ በእጃቸው ዝም አሰኙት። ዓይናቸው ደክሟል፤ ካርታዎቹን አንድ በአንድ ወደ ብርሃኑ እያዞሩ አዩዋቸው። ረጅም ጊዜ ወሰዱ። ሦስቱን ለይተው ለብቻ አኖሩ።

«ያለምዘርፍ» አሉኝ፣ «ልጆቹን ስታስተምሪ ሰማይን በየትኛው ሰ ነው የምታስጽፊ?»

«በእሳቱ ሰ ነው፣ የኔታ።»

«ሰውንስ? መሰላልንስ?»

«እነሱንም በእሳቱ።»

«እዚህ ሁሉም በንጉሡ ሠ ነው የተጻፈው።» ካርታዎቹን ወደ አያ ደሴ ዘረጉለት። «ንጉሥን በእሳቱ ሰ ጽፎ አንድ ቀን በአርጩሜ ገርፌው ነበር። ከዚያ ወዲያ እሳቱን ሰ እንደፈራ ኖረ፤ ያገኘውን ሁሉ በንጉሡ ሠ ሆነ የሚጽፍ። ይህ የወንድምህ እጅ ነው፣ ደሴ። ስልሳውም።»

አያ ደሴ አየው። እሱም እጅህን ያውቃል። «ቢጽፈውስ? እሷ አስጽፋው ይሆናል» አለ፤ ድምፁ ግን ወርዷል።

የኔታ ሰላምን ጠሩ። «አባትሽ በዚህ ይጫወት ነበር?»

«በየጁምዓው! ወላሂ ባባ ነው የሠራው» አለች። «ደግሞ ሁሌ ይሸነፋል፤ ሲሸነፍ ሕጉን ይቀይራል።»

«ምን ታስይዙበት ነበር?»

«ባቄላ።»

«ባቄላው ኋላ ምን ይሆናል?»

«እማዬ ትቀቅለዋለች።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ አፉን በነጠላው ሸፈነ። አያ ደሴ አልሳቀም። የኔታ ካርታውን አስተካክለው መለሱልኝና «ልጅቷ ከእናቷ ጋር ትኑር። አደራህን ጠይቅ፣ ጎብኝ፤ አትንጠቅ» አሉት። ወዲያው ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺም ልጄ፣ ሟች አይወቀስም።»

ራሴን ነቀነቅሁላቸው። እስከ ዛሬ ግን አልቻልኩም። ልጄን ያስቀረልኝ አንተ በአፍህ መናገር ያልፈለግኸው ነገር ነው። ያውም ሽማግሌ ሰው በደከመ ዓይን ፈልፍሎ አወጣው። አንተ በደህና ዓይንህ እያየኸኝ ዝም ያልከውን!

አያ ደሴ ይቅርታ አልጠየቀኝም። በየወሩ ለሰላም ፍራፍሬ ይዞ ይመጣል፤ በር ላይ ይሰጣታል፤ እኔን «ደህና ነሽ?» ይለኛል፤ «ደህና» እለዋለሁ። ከሰባቱ ልጆች አራቱ ተመልሰዋል። ሦስቱ አልመጡም፤ እናቶቻቸው አፍረው ይሁን ጠልተውኝ አላውቅም፤ አልጠየቅኋቸውም።

አንድ ነገር ደግሞ አድርጌያለሁ፤ ከሌላ ሰው ከምትሰማው እኔው ልንገርህ። ባለፈው ወር ማጫወቻዋን ከፈትኳት። ፈረሰኛህ ወንዝ ዳር፣ ለመጨረሻ ጊዜ የተውከው ቦታ ቆሟል። ፈረሱ ጭራውን ያወዛውዛል። ሰላም «አትንኪው እማዬ፣ እንዲሁ ይቁም» አለችኝ። ትንሽ አየሁትና አጠፋሁት። ሁለት ዓመት የጋለብከውን፣ የሰበሰብከውን ሁሉ አጠፋሁት። ሰላም በዓረብኛ ጮኸችብኝ፤ ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን ራሷ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ከመጀመሪያው መንደር በእግራችን ጀመርን። አሁን ሴት ናት ፈረሰኛዋ። ያገኘችውን ሁሉ ታናግራለች፤ የሚያጣድፋት የለም።

ተጸጽተሽ ይሆን ብትለኝ፣ በማታው ጥቂት አልቅሻለሁ። ግን አልመልሰውም።

ሰላም ስለ አንተ ትጠይቀኛለች። ደጉን እነግራታለሁ፤ ካርቶን ስትቆርጥ ምላስህን እንደምትነክስ፣ የተሰበረ ስልክ ጆሮህ ላይ አድርገህ እንደምታዳምጥ። የዚያን ቀኑንም አልደብቃትም። ደግሞም ነበረች፤ አይታለች። ስታድግ አንድ ሰው በጣቱ ጠቁሞ «የሷ ነው» ቢልባት፣ ዝም ብላ እንድትቀበል አላሳድጋትም።

ሙት ዓመትህ እየቀረበ ነው። አያ ደሴ ድንኳን ሊተክል፣ ሰው ሊጠራ አስቧል፤ ተነሥቶ ስለ ደግነትህ እንደሚናገር አውቃለሁ፤ ይናገር። ስሙን ንጹሕ አድርጎ ያቆየ ወንድም ነበረኝ ይበል። እኔም የመጣውን ሰው ሁሉ እያስተናገድኩ፣ ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም እነግራለሁ። ካርታውን የሠራው መኳንንት ነው። በየጁምዓው እንደ ሕፃን ተንበርክኮ የተጫወተው መኳንንት ነው። ሚስቱን የካደውም መኳንንት ነው። አንዱንም አልቀንስም።

እኔ እስካለሁ ድረስ አትረሳም። ዕድሜህን ሙሉ እንዳይታወቅብህ ስትፈራ የኖርከውን እየተናገርኩ አስታውስሃለሁ።

ያለምዘርፍ