ለወይንሸት የሚሆን ሄድፎን

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ቤቱን አይታዋለች። ቴፒ ላይ አንዲት ክፍል፣ ውሃ ግቢው ውስጥ አለ፣ አከራይዋ ደግ ትመስላለች፣ ከምትሠራበት ባንክ በእግር ይደረሳል። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ሽንኩርት እየላጠች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነው። ዐይኗን ያስለቀሳት ሽንኩርቱ ይሁን ሌላ ነገር አልጠየቅኳትም። አከራይዋ እስከ ቅዳሜ መልስ ስጪኝ ብላታለች።

ወይንሸት ወደ ቴፒ ቅርንጫፍ ከተዛወረች ጀምሮ በየቀኑ ከሚዛን ትመላለሳለች። የገደላት መንገዱ አይደለም፣ ጩኸቱ ነው። የጋሽ ሽፈራው ሚኒባስ ሞተሩ ከፊት ወንበር ሥር ያጓራል፤ ከኋላ ደግሞ ሁለት ትልልቅ ስፒከር አስገጥሞበታል። ጠዋት ዘፈን፣ ማታ ዘፈን። ቤት ስትደርስ ግንባሯን በሻሽ ጥብቅ አድርጋ አስራ ትተኛለች። ሶስና ስድስት ዓመቷ ነው። "አባዬ፣ ዛሬም ራሷን ነው?" ትለኛለች፤ ራሷን ነው እላታለሁ።

ቤቱን ከተከራየች ቅዳሜ ከሰዓት ትመጣለች፣ ሰኞ ጠዋት ትሄዳለች። እኔ አማን የማስተምርበትን ትምህርት ቤት ጥዬ ልከተላት አልችልም። ዝውውር ከጠየቅኩ ቆየሁ፤ መልስ የለም። "እንግዲህ ካመመሽ ምን ይደረጋል፣ ተከራዪው" አልኳት፣ እንደ ብልህ ባል። ከዚያ ወጣሁና ለዶሮዎቹ ጥሬ በተንኩላቸው። ለካ ሶስና አብልታቸው ኖሯል፤ ዞር ብለው እንኳን አላዩኝም።

እዚህ ልጻፈው። እንድትሄድ አልፈልግም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ሳላስበው መምህራን ክፍል ውስጥ ነገሩ ከአፌ ወጣ። የፊዚክሱ አስተማሪ ሰምቶኝ፣ ጩኸት የሚያጠፋ ሄድፎን አለ'ኮ አለኝ፤ በአውሮፕላን የሚሄዱ ሰዎች ጆሯቸው ላይ የሚያደርጉት። የውጭውን ድምፅ ይሰማና የሱኑ ተቃራኒ ይለቅበታል፣ ከዚያ ሁለቱ ይጠፋፋሉ ብሎ አስረዳኝ። እንደ ባልና ሚስት ነዋ አልኩት። አልሳቀም። ላጤ ነው።

ከክፍል እንደወጣሁ በቀጥታ ሙዲን ሱቅ። ሙዲን አባቱ ከስልጤ የመጡ፣ እሱ ግን እዚሁ ሚዛን ተወልዶ ያደገ የስልክ ዕቃ ነጋዴ ነው። የገዛሁትን ዕቃ ሁሉ ከሱ ነው የገዛሁት፤ የተበላሸብኝንም ሁሉ። ጠረጴዛው ላይ ደረደረልኝ። የተማርኩት ይህን ነው፦

ጆሮ ውስጥ የሚሰካው ትንሹ ለቦርሳ ምቹ ነው። ግን መኪናው ጉድጓድ ላይ ሲነጥር ከጆሮ ይወድቃል። አንዱ ወንበር ሥር ከገባ በቃ፣ የተረፈው ለአንድ ጆሮ ብቻ ነው።

ትልቁ ጆሮን ሙሉ ይሸፍናል። ግን ቅስቱ ሹሩባ ላይ ይጫናል። ስፖንጅ ያለውን መፈለግ።

ባትሪው መብራት በጠፋ ማግስት የሚያንቀላፋ ከሆነ ለእኛ አገር አይሆንም።

ጩኸት ያጠፋል ተብሎ ካርቶኑ ላይ የተጻፈበት ሁሉ አያጠፋም። የአንዱን ቁልፍ ስጫን ሰማያዊ መብራት ቦግ አለ፤ ሌላ ምንም። የመንገዱ ባጃጅ ሁሉ እንደነበረ ይሰማኛል።

ርካሽ ስለሆነ ይህኑ ልውሰደው ብዬ ነበር። ሙዲን ከእጄ ቀማኝ። "ቲቸር፣ ይኼን አልሸጥልህም። ነገ ወይንሸት ፊት ማን ይቆማል?" አለ። ነገ ከጅማ ዕቃ ይገባል፣ ውድ ያልሆነ፣ ግን የሚሠራ አለበት፣ ታገሥ አለኝ። ትዕግሥት ከቅዳሜ በኋላ ምን ይሠራልኛል!

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ሠራ!

ዕቃው ገብቶ ጠበቀኝ። ጥቁር ነው፣ ይታጠፋል፣ ቅስቱ ላይ ለስላሳ ስፖንጅ አለው፣ ጆሮ ይሸፍናል። ግን እኔ ትናንት በሰማያዊ መብራት ተሞኝቻለሁ፣ ዛሬ አልሞኝም። የት ልሞክረው? ከሙዲን ሱቅ አጠገብ ወፍጮ ቤት አለ። በዚህ ከተማ ከሱ የሚብስ ጩኸት አላውቅም። በሩ ላይ ቆምኩና ጆሮዬ ላይ አድርጌ ቁልፉን ተጫንኩ።

ወፍጮው ጠፋ። ዱቄቱ ይወርዳል፣ ቀበቶው ይሽከረከራል፣ ድምፁ ግን የለም። ሴቶቹ ከነእህላቸው ተሰልፈው፣ ጆሮው ላይ ጥቁር ነገር ደፍቶ ብቻውን የሚስቀውን አስተማሪ ያያሉ። ሙዲንም አጠገቤ ቆሞ እጁን እያወራጨ የሆነ ነገር ይለኛል። ራሴን ነቀነቅኩለት። ከፈልኩ።

ማታ ግንባሯን አስራ በተኛችበት ሰጠኋት። ተነሥታ ተቀመጠች፣ አገላብጣ አየችው። "ለራስህ ጫማ ትገዛለህ ብዬ ነበር" አለች። ከዚያ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ዐይኗን ጨፈነች። ሶስና በጣቷ አንዱን ጎን አንኳኩታ፣ እማዬ አለሽ ወይ አለቻት። አለሁ አለች። ደስ አለኝ። የዚህን ያህል ደስ ካለኝ ቆይቷል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ወይንሸት ማታ ገና ከበሩ እየሳቀች ነው የገባችው። ሞተሩ ጠፍቷል፣ ጭራሽ የለም፣ መኪናው በዘይት ላይ የሚሄድ ይመስላል አለች። ችግሩ፣ ሞተሩ ሲውጠው የኖረው ዘፈን አሁን ጥርት ብሎ መጣ። ግጥሙን አንድም ቃል ሳይቀር ሰምታዋለች። ራሷን? በግማሽ ቀንሷል። ግን ሻሹ ዛሬም ታሰረ።

ወደ ሙዲን ሮጥኩ። ይህ ዕቃ የሚያጠፋው ወጥ የሆነ ጉርምርምታ ነው፤ ሞተር፣ ወፍጮ፣ እንደዚያ ያለ። ሰውና ዘፈን ያልፈዋል አለኝ። ለምን ትናንት አልነገርከኝም? ነግሬህ ነበር አለ፣ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ፤ ራስህን እየነቀነቅክ ስትስቅ ነበር። ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ ወፍጮ ቤት ሌላ፣ ሚኒባስ ሌላ መሆኑን ማወቅ ነበረብኝ።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። ሚኒባሱ ውስጥ ከወይንሸት አጠገብ የምትቀመጠው እማማ ዘነበች፣ ቴፒ ገበያ ኮረሪማ የምትሸጥ የቤንች እናት ናት። ሄድፎኑን አየችው፣ በእጇ ነካ ነካ አደረገችው፣ ከንፈሯን መጠጠች። ከዚያ በቤንችኛ የሆነ ነገር ብላ፣ በአማርኛ ደገመችው፦ "እግዜር ይማርሽ ልጄ።" ወይንሸትም አሜን አለች። ታዲያ የተመረቀ ሰው ሌላ ምን ይላል? አልታመምኩም ብሎ ምርቃት ይመልሳል?

አሜን ካለች በኋላ ማን ያስቆመዋል። ቴፒ ሳይደርሱ ወሬው ከኋላ ወንበር እስከ ሾፌሩ ደረሰ። የባንኳ ልጅ ጆሮዋን ታማለች፣ ሐኪም መሣሪያ አድርጎላታል።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

በሩን ስከፍትላት አንድ ፌስታል ሙሉ ይዛ ቆማለች። ግንባሯ ላይ ሻሽ የለም። ግን ታለቅሳለች።

እንዲህ ሆነ። ጠዋት ስትገባ ጋሽ ሽፈራው ስፒከሩን ዘግቶታል። ረዳቱንም በሩ ላይ አትጩህ ብሎታል። ከኋላ አስነሥቶ ጋቢና አስቀመጣት፤ ሰው እንዳይጋፋት። ጋቢና ከሁሉም በላይ ሞተሩ የሚጮህበት ነው፣ እሱን ደግሞ ሄድፎኑ ይውጠዋል። ስለዚህ ከሚዛን እስከ ቴፒ ጸጥታ። ሲመለሱም እንደዚያው። ማንም ጮክ ብሎ አላወራም። ጋሽ ሽፈራው ብቻ መስኮቱን ከፍቶ ደጋግሞ ፊቱን በውሃ ያብስ ነበር፤ ሙቀት ይሆናል አለች።

ፌስታሉ ውስጥ ከእማማ ዘነበች የጫካ ማርና ኮረሪማ፣ አንዱ ጤና አዳም ከሥሩ ነቅሎ ያመጣው፣ አንዷ ነጭ ሽንኩርት። ከኋላ የሚቀመጡት ሼህ ዱዓ አድርገውላታል። በየቤታቸው ሲያድሩ አስበዋታል ማለት ነው።

ራሷን አላመማትም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ። እኔ ሳላፍር ይህ በጣም ጥሩ ነው አልኳት። ምን ጎደለ? አንድ ሁለት ዓመት ጆሮሽን ያምሽ፣ ማን ተጎዳ? ይህን ስል እውነቴን ነበር።

"የታመመ ሰው ምርቃት ወስጄ እንዴት ነው በየቀኑ አጠገባቸው የምቀመጠው?" አለች። እነግራቸዋለሁ አለች። ዘፈኑ ከተመለሰም ይመለስ፣ ያን ጊዜ ቤቱን እከራያለሁ። ነገ ቅዳሜ ነው።

እንዲህ ስትሆን በጣም እወዳታለሁ፤ በዚያው ልክም እናደድባታለሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ሶስናን ጎረቤት ትቼ ጠዋት መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። ዝናቡ ገና እያባራ ነበር። ተሳፋሪዎቹ ገብተዋል፤ እኔ በሩ ላይ ቆምኩ። ወይንሸት ጋቢና አልገባችም። ሄድፎኑን አወለቀችና በእጇ ያዘችው፣ ፌስታሉ በሌላው እጇ።

"ጋሽ ሽፈራው፣ ጆሮዬን አላመመኝም" አለች። "ራሴን የሚያመኝ ጩኸቱ ነው። እንዲቀንሱ እርስዎን መጠየቅ ፈርቼ ነው። የሰጣችሁኝን ሁሉ ይዤ መጥቻለሁ።"

ጋሽ ሽፈራው ትልቅ ሰው ነው፤ በዚህ መንገድ ላይ ሲነዳ ያረጀ፣ ደፍሮ የሚናገረው የለም። እኔም በሩ ላይ ሆኜ የማይባል ነገር ሁሉ አሰብኩ። አንድ ሰው ከኋላ ሳቀና አቆመ።

መጀመሪያ የተናገረችው እማማ ዘነበች ናት። ወይንሸት ፌስታሉን ስትዘረጋላት በሁለት እጇ መልሳ ገፋችው። "ምርቃት ይመለሳል እንዴ?" አለች። "ለጆሮሽ ካልሆነ ለልጅሽ ይሁን።"

ጋሽ ሽፈራው መሪውን እንደያዘ ወደ ፊት እያየ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለሷ ብቻ እንደሚናገር ሆኖ መለሰ፦ "እኔ'ኮ ዘፈኑን የምከፍተው ወድጄው አይደለም፣ ልጄ። በሌሊት ነው የምነሣው። ዝም ያለ መኪና ውስጥ እንቅልፍ ይጥለኛል። ትናንት በውሃ ነው የነዳሁት።"

ወይንሸት አፏን በእጇ ያዘች። ትናንት ሚስቴ ጸጥታ አገኘች ብዬ ስደሰት፣ ይህ ሰውዬ ለሷ ጆሮ ብሎ ያን ሁሉ ጠመዝማዛ ከእንቅልፍ ጋር እየታገለ ነድቷል። ተሳፋሪዎቹም ዞር ዞር ብለው ተያዩ።

"ጋቢና ሆነሽ የምታጫውቺኝ ከሆነ ግን አልከፍትም" አለ። "ዝም ካልሽ እከፍታለሁ፣ ዕወቂው።"

ገባች። ሄድፎኑን መልሳ አደረገችው፤ ሞተሩን ይውጣል፣ የሰው ድምፅ ያሳልፋል። ለዚህ ሥራ የሚሆን ዕቃ ሳላውቀው ገዝቼ ኖሯል። ሚኒባሱ ሲወጣ በመስኮቱ አየኋት፤ አፏ እየተንቀሳቀሰ ነበር።

ከሰዓት ተመልሳ ለአከራይዋ ለጊዜው ይቅርብኝ አልኳት አለችኝ። ለጊዜው የሚለው ቃል ቢቀር ይሻለኝ ነበር።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

ቀኑን ሙሉ ስጠራጠር ዋልኩ። ቃል መግባት ቀላል ነው። የሚወራ ሲያልቅባትስ? ሲደክማትስ? እሷ ግን ማሩን በዳቦ እየበላች፣ ነገ ምን ልንገረው ብላ እኔን ትጠይቀኛለች። ስንገናኝ የሆነውን ንገሪው አልኳት። ረጅም ነው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

መጣች። ድምፅዋ ሰልሏል፣ ራሷ ደህና ነው።

ጠዋት ቴፒ እስኪደርሱ ስለ እኔ አውርታለት፣ ለጋብቻ ጥያቄ የላክኋቸው ሽማግሌዎች በዝናብ ምክንያት ሸዋ ቤንች የሚባለው ከተማ ላይ ታግተው ያደሩበት ጋ ስትደርስ ጋሽ ሽፈራው እየሳቀ መኪናውን ጥግ አስያዘው። ማታ ደግሞ እሱ አወራላት፤ ስለ ሟች ሚስቱ። ከኋላ ያሉትም እየሰሙ ይጠይቁታል። ስፒከሩ አልተከፈተም። ነገስ? ነገን አላውቅም፣ ጋሽ ሽፈራውም አያውቅም።

ውሃ ጠጥታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ አልተኛችም። ሶስና ተጠግታ፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ የትምህርት ቤቷን ነገር በጆሮዋ ታንሾካሹክላት ጀመር። ከክረምት ወዲህ እኔና ሶስና ማታ ማታ በሹክሹክታ ነው የምናወራው፤ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ወይንሸት ይህን አታውቅም ነበር። ግንባሯን አስራ በተኛችበት፣ እኛ በጣታችን ጫፍ ስንራመድ የተኛን እየመሰላት ኖራለች።

"ለምንድን ነው የምታንሾካሹኪው?" አለቻት።

ሶስና መልስ ፍለጋ ወደ እኔ ዞረች። ጮክ በይ አልኳት። አላመነችኝም። ደግሜ አልኳት። ወንበር ላይ ወጣች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻት፤ ማን ማንን ገፋ፣ ማን አለቀሰ፣ አስተማሪዋ ምን አለች። ስትጨርስ እንደገና ጀመረችው። እናቷ ጉንጯን በመዳፏ ደግፋ እየሰማቻት ነው፣ ጎረቤትም ሳይሰማ አልቀረም።