ከሐጂ መተወሊ የገዛሁት ፍሪጅ

እሁድ፣ ግንቦት 4
ዛሬ አሥራ አንድ ሸሚዝ፣ አራት ገላቢያ ተኮስኩ። ሙቀት ነው። ካውያ ቤቱ እንደ ምድጃ።
ማንበብና መጻፍ በማታ ትምህርት በዘጠኝ ወር ለመድኩ። ሌላው ሰው ሁለት ዓመት ይፈጅበታል። (መምህርት ኢንሳፍ «አንዳንዱ» ነው ያለችው። እኔ ሁሉም ብያለሁ።) እንዲህ ያለ ጭንቅላት ሳይጻፍ ቢቀር ለጣንታ ከተማ ጉዳት ነው። ማስታወሻ የያዝኩት ለዚህ ነው።
ፍሪጁ ዛሬም አልቀዘቀዘም። ከተገዛ ሳምንቱ። መብራቱ ይበራል፣ ሆዱ ይሞቃል። የገዛነው ለሰኒያ ኢንሱሊን ነበር... ሚስቴ አሁንም ለእያንዳንዱ መርፌ አራተኛ ፎቅ፣ ፍሪጅ ያላት ጎረቤታችን ኡም ሂሻም ቤት ትወጣለች። በዚያ ጉልበቷ። በቀን ሁለቴ።

ግንቦት 5
ሻጩ ጋ፣ ሐጂ መተወሊ ሱቅ ሄድኩ።
«ኡስታ ራጋብ፣ እኔ ጋ ደህና ነበር። አንተ ቤት ገብቶ ነው የታመመው።»
«ቤቴ ሆስፒታል ነው እንዴ ሐጂ?»
ሳቀ። ከዚያ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ጽሑፍ በጣቱ አሳየኝ። በወርቅ ቀለም፣ በፍሬም። ሃያ ዓመት ሙሉ ስገባ ስወጣ ነክቼው ግንባሬን ዳብሻለሁ፤ የቁርኣን ቃል መስሎኝ። ዛሬ አነበብኩት። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፣ አይለወጥም።»
ሃያ ዓመት! ለማንም አልናገርም።

ግንቦት 7
ክፍል ውስጥ ተናገርኩ። ምን ላድርግ... ሳቅ በሳቅ ሆኑ።
ከሸማቾች ጥበቃ ቢሮ አንዲት ልጅ መጥታ ነበር፣ መብታችንን ልታስተምር። እሷ አልሳቀችም። «ግድግዳ ላይ ስለተሰቀለ ሕግ አይሆንም፣ አባባ» አለችኝ። (አባባ? እኔን?) ስልካችን ላይ ቅሬታ መላኪያ ጫነችልን።
«ስትገዙ ደረሰኝ የተቀበላችሁ እጅ አውጡ።»
አንድም እጅ የለም። ዳቦና ጨው አብሮህ የበላን ሰው ደረሰኝ አምጣ ማለት... ሌባ ነህ ማለት አይደል?

ግንቦት 8
ቅሬታዬን ጻፍኩ። በገዛ እጄ! ስለ ሙያዬ፣ የዳኛውን ካባ የምተኩሰው እኔ ስለመሆኔ፣ ስለ ዘጠኝ ወሩ... ፍሪጁ ጋ ሳልደርስ መጻፊያው ሞላ። እንዳለ ላክሁት።

ግንቦት 11
መልስ መጣ። «እባክዎ ችግሩን ይግለጹ። የግዢ ማስረጃ ያያይዙ።»
ሰኒያ፦ «ፍሪጁ ተበላሸ ማለት አቃተህ አንተ ሰውዬ?»
ማታ ቆየችብኝ። ስወጣ ሦስተኛ ፎቅ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች፣ ጉልበቷን ይዛ። «እያረፍኩ ነው» አለች።
አልቀለድኩም።

ግንቦት 12
ማስረጃ ከየት ላምጣ? ስልኬን ስጎረጉር የሐጂ የድምፅ መልእክት ተገኘ፤ በገዛሁ ቀን የላከልኝ። «ኡስታ፣ ዋጋው ደርሶኛል። ፍሪጅህ ጋሪ ላይ ነው፣ መብሩክ!»
ለሸማቾች ቢሮዋ ልጅ ደወልኩ። «ይሆናል፣ አያይዙት» አለች።
እንደገና ጻፍኩ። «ፍሪጁ አዲስ ነው። አይቀዘቅዝም። የሚስቴ ኢንሱሊን ይበላሻል። ይቀየርልኝ።» ስምንት ቃል። በዕድሜዬ እንዲህ አጭር አውርቼ አላውቅም።

ግንቦት 20
ተፈረደልኝ! ሻጩ በአምስት ቀን ውስጥ ይለውጥ ይላል ቢሮው።
ሐጂ ደወለ። «በስልክ ትከሰኛለህ? ወንድምህን?»
«ሐጂ፣ መጀመሪያ በእግሬ መጥቼ ነበር።»
ዘጋው።

ግንቦት 24
አዲሱ ፍሪጅ መጣ። አብሮት ደረሰኝ፣ ማኅተም ያለው፣ ሳልጠይቅ። ሰላምታ ግን የለም። በሱቁ በኩል ሳልፍም ቀና አላለም... ይቆጨኛል እንዴ? ትንሽ።
ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። ኡም ሂሻምን ሳይቀር ጠርቻለሁ። ሰኒያ መድኃኒቶቿን አንድ በአንድ ደርድራ እጇን ውስጥ እንደከተተች ቆየች። ብዙ ቆየች።
«ይቀዘቅዛል» አለች።
ንግግሩን ተውኩት።