ማንም የማይጠይቅበት ግዛት

መጋቢት 3

መኪናውን ዘይት ላስቀይር ወሰድኩ። ወረፋ ጠበቅሁ፣ ሳንድዊች በላሁ፣ ተመለስኩ። የፊቱን በር አየሁ፣ የኋላውን አየሁ፣ የጋራዡን አየሁ። ከዚያ የኋላውን እንደገና። ሎሬታ ሶፋው ላይ ሆና ታየኛለች። "ሊላንድ፣ በሩ የትም አይሄድም" አለችኝ። ሚስቴ ቀልድ ታውቃለች፤ ዕድሜዬን ሙሉ ያሳቀችኝ እሷ ናት። ዛሬ ግን ሳቁ አልመጣልኝም። ምሳ ከበላን በኋላ የኋላውን በር ለሦስተኛ ጊዜ አየሁት... ምን እንዳገኝ ነው?

መጋቢት 7

ቦይድ ከአይዳሆ ግዛት ደወለ። የትምህርት ቤት አውቶብስ ስንጠግን አብረን ያረጀን ሰው ነው። ጡረታ ወጥቶ እዚያ ከገባ ወዲህ ድምፁ ራሱ ወፍሯል። ሽጉጡን ወገቡ ላይ ሻጥ አድርጎ ወተት ሊገዛ ይሄዳል። ፈቃድ የለ፣ ምን የለ።

"ያልጠረጠረ ተመነጠረ" አለኝ። "ና እዚህ። እዚህ ማንም ለምን ብሎ አይጠይቅህም።"

ለምን ብሎ የማይጠይቅ... ቀኑን ሙሉ ይቺ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣችም።

መጋቢት 12

የሽጉጥ ፈቃዱ ቃለ መጠይቅ ዛሬ ነበር። እዚህ ካሊፎርኒያ ሽጉጥ ገዝቶ ቤት ማስቀመጥ አንድ ነገር ነው። ታጥቆ ለመውጣት ግን ሥልጠናው፣ ምስክሩ፣ ጥያቄው አያልቅም። እኔ ደግሞ የምፈልገው መታጠቅ ነው። ሱቅ ስሄድም፣ ቆሻሻ ላወጣ ስወጣም።

ጠያቂዋ ትሑት ሴት ናት። ውኃ ቀዳችልኝ። "ለምን ፈለጉት?" አለች።

"ራሴን ለመጠበቅ።"

"ትንሽ ቢያብራሩልኝ?"

ምን ልበላት? ጥር ላይ በጠራራ ፀሐይ ሁለት ጎረምሶች በኋላ በር ገቡብኝ ልበላት? ሎሬታ መዘምራን ልምምድ ሄዳ ነበር። በምንጣፍ መጥረጊያ ማሽኑ ገመድ ከወንበር ጋር አሰሩኝ። አንዱ ፍሪጅ ከፍቶ ወተቴን ከነካርቶኑ ጠጣ፣ እየጠጣ ያየኝ ነበር። ይሄን ልንገራት እሺ። ሱሪዬ ላይ መሽናቴንስ? ለፖሊስም አልተናገርኩም። ለሎሬታ ውኃ ደፋሁ ብያታለሁ።

ባርኔጣዬን አንስቼ ወጣሁ። ሴትየዋ ከኋላዬ ስሜን ጠራች።

መጋቢት 13

ከቃለ መጠይቁ ጥዬ መውጣቴን ለሎሬታ ነገርኳት። እንሂድ አልኳት፣ አይዳሆ። እህቷ እዚህ ናት። መዘምራኑ እዚህ ነው። የሎሚው ዛፍ አለ።

"እዚያ ሌባ የለም?"

"አለ። ግን ሌባው ይፈራል።"

"አንተስ መፍራትህን ትተዋለህ?"

ሳህን ማጠብ ጀመረች። ጨርሳ እጇን እያደረቀች፣ ተኝተህ የምታድር ከሆነ እሄዳለሁ አለች። ከጥር ወዲህ እሷም እንዳልተኛች ያወቅሁት ዛሬ ነው።

ሰኔ 2

አይዳሆ ገባን። ቤቱ እንጨት ነው፣ ግቢው ሰፊ፣ አጥር የሚባል ነገር የለም። አጥር የለም! ይሄን ፎቶው ላይ እንዴት አላየሁም?

ቦይድ፣ እዚህ ካሊፎርኒያዊ አይወደድም፣ ዕቃ ሳትፈታ ታርጋህን ቀይር ብሎኝ ነበር። አልሰማሁትም። ሚስማርና ቀለም የሚሸጥበት ሱቅ ስገባ ባለሱቁ በመስኮት መኪናዬን አየት አደረገና፣ "ካሊፎርኒያ? ለጉብኝት ነው አይደል?" አለኝ። ወረፋ የያዙት ሁሉ ሳቁ። ቁልፍ ገዝቼ ወጣሁ። ለሁሉም በር የሚሆን ቁልፍ።

ሰኔ 4

ሽጉጡን ገዛሁ። ቅጽ ሞላሁ፣ ሻጩ አንድ ስልክ ደወለ፣ አለቀ። እስኪያልቅ ድረስ ስለ ዓሣ ሲያወራኝ ነበር። ለምን የሚል ጥያቄ የለም። መንገዱን ሙሉ የተለማመድኩት መልስ አፌ ላይ ቀረ።

መኪና ውስጥ ገብቼ ወገቤ ላይ ሳደርገው ከበደኝ፣ ደስም አለኝ። ሞተሩን ላስነሳ ስል ግን ቁልፉ ሁለት ጊዜ ከእጄ ወደቀ። ደስታ ነው አልኩ። ደስታ ነው?

ሰኔ 15

ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ፣ ሦስት ሌሊት በተከታታይ። ከዚያ ፍርሃቱ ደግሞ ተመለሰ።

እዚህ ሰው በር አይቆልፍም። የመኪና ቁልፍ መኪናው ላይ ይተዋሉ። ሲመጡም አያንኳኩም። ዛሬ ጎረቤታችን ቨርና የእንጆሪ ኬክ ይዘው ቀጥ ብለው ወጥ ቤት ገቡ። ሰማንያ ሊሞላቸው ነው፤ አጭር ሴት፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ ወሬ የሚወዱ። ለሎሬታ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን ይነግሯታል፣ ድምፅ ያለው ሰው ጠፍቷል ይላሉ። እኔ ምድጃው ጋ ቆሜያለሁ። እጄ ወገቤ ላይ።

ከሄዱ በኋላ ሎሬታ፣ "እጅህን አይቼዋለሁ" አለች። ኬኩን ቆረሰችልኝ።

ሐምሌ 4

የነፃነት በዓል ርችት። ገና ሳይመሽ ጀመሩት። መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ተቀመጥኩ፣ ልብሴን እንደለበስኩ። ሎሬታ ከቨርና ጋር ሰልፉን ልታይ ወጥታለች። ጥሩ ነው፣ አላየችኝም።

ሐምሌ 20

ሎሬታ መዘመር ጀመረች። ቨርና አጠገቧ ይቆማሉ፤ ዜማውን ሲስቱ በክርናቸው ይነካኳታል፣ እሷ ትስቃለች። እዚህ ይዤያት የመጣሁት እኔ ነኝ፣ የተመቸው ግን ለእሷ ነው።

እኔ የመጨረሻው መቀመጫ ላይ ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ እቀመጣለሁ። ዛሬ ስብከቱን ትቼ የሰዉን ወገብ ሳይ ነበር። እዚህ ጋ አንድ ሽጉጥ፣ እዚያ ጋ አንድ፣ ወጣቱ አባት ልጁን አቅፎ እሱም ታጥቋል። ይሄ ሊያረጋጋኝ አልነበረም? ለዚህ አልነበረም አገር አቋርጬ የመጣሁት? ግን የማስበው ሌላ ነገር ነው። ከነዚህ ውስጥ ትናንት ከሚስቱ ጋር የተጣላው የቱ ነው? የማን ቁጣ ይቀድማል? ስለኔም እንዲህ የሚያስብ ይኖር ይሆን...

ነሐሴ 9

ሎሬታ ሳትቆልፈው ያሳደረችውን መኪናችንን ሰው ከፍቶታል። የኋላው በር በደንብ አልተዘጋም። የተወሰደ ነገር የለም። ሎሬታ አንተው ነህ ያልዘጋኸው ትላለች። እኔ? እኔ በር ሳልዘጋ?

ሱቁ ሄጄ ለባለሱቁ ነገርኩት። ፊቱን ኮስተር አድርጎ፣ "እዚህ አገር መኪና የሚቆለፈው በነሐሴ ነው" አለኝ። ቦይድም ስልክ ላይ፣ "በነሐሴማ ቆልፍ እንጂ!" ብሎ ሳቀ። ሊያስረዳኝ ሲል ሰው መጣበትና ዘጋው። ምን ያስቃል? በነሐሴ የሚመጡ ሌቦች አሉ ማለት ነው? ለመከር ሥራ የሚመጡ?

ቆለፍኩት። ከአሁን ወዲያ ማለዳ ማለዳ መስኮቱ ጋ እቀመጣለሁ።

ነሐሴ 14

ቨርና ደህና ናቸው። መጀመሪያ ይሄን ልጻፍ። ደህና ናቸው።

ገና ሲነጋ ነው። መስኮቱ ጋ ነበርኩ። ኮፍያው ራሱ ላይ የተደፋ ጃኬት የለበሰ ሰው፣ ጎንበስ ያለ፣ ጆንያ የያዘ። የመኪናውን እጀታ ሳበ፣ እንቢ አለው። ግራ ቀኙን አየ። በሌላው በኩል ዞሮ ደግሞ ያንን ሳበ። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታ ነበር። ወተቱን ሲጠጣ ያየኝ የዚያ ልጅ ፊት ነው የመጣብኝ።

ማነህ አላልኩም። ቁም አላልኩም። በሩን ከፈትኩና ተኮስኩ።

የመኪናው የኋላ መስታወት ረገፈ። ሰውየው ወደቀ። ጆንያው ተፈታና አረንጓዴ ነገር በጠጠሩ ላይ ተንከባለለ። ዝኩኒ። ጆንያ ሙሉ ዝኩኒ።

ኮፍያው ወደ ኋላ ሲል ነጭ ፀጉር አየሁ። ቨርና መሬት ላይ ሆነው ሁለት እጃቸውን ወደ እኔ ዘርግተው፣ "ሊላንድ... ዝኩኒ ነው... ዝኩኒ ብቻ ነው" አሉኝ። እንደ ተያዘ ሌባ ለመኑኝ።

ሎሬታ በሌሊት ልብሷ አጠገቤ አልፋ ሮጠች፣ በባዶ እግሯ፣ መስታወቱ ላይ። እኔ ከቆምኩበት አልተንቀሳቀስኩም።

ነሐሴ 15

አሁን ሁሉም አስረዳኝ። እዚህ ሁሉም ሰው ዝኩኒ ይተክላል፣ በነሐሴ ሁሉም ይተርፈዋል፣ የሚቀበል ሰው ይጠፋል። ስለዚህ ያልተቆለፈ መኪና ካገኙ ሞልተውት ይሄዳሉ። የአገሩ ቀልድ ነው። ባለፈው ሳምንት የመኪናችንን በር የከፈቱት ቨርና ነበሩ፤ ሊያስገቡ ሲሉ ሎሬታ በመስኮት ብቅ አለችና አፍረው ሄዱ። ትናንት ሳንነቃ አስቀምጠው ሊያስደስቱን ነው በማለዳ የመጡት።

የሸሪፉ ምክትል የሆነ ፖሊስ መጣ፣ ታነር የሚባል፣ ጨዋ ልጅ ነው። ጥይቷ በቨርና ራስና በትከሻቸው መካከል አልፋ እንደሄደች በጣቱ አሳየኝ። የቨርና ክንድ በመስታወት ተቧጥጧል፣ ሌላ የለም። እሳቸው ጥፋቱ የኔ ነው፣ ከሩቅ መጣራት ነበረብኝ ብለዋል።

ታነር ሽጉጡን ባዶ አድርጎ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠልኝ።

"ውሰደው" አልኩት።

"በምን ምክንያት፣ ጌታዬ?"

"ሰው ልገድል ነበር።"

"እሳቸው አልከሰሱም። እኔም እንደ አደጋ ነው የያዝኩት። ሰው ይደነግጣል እኮ።"

"እኔ ሁልጊዜ ነው የምደነግጠው። ውሰደው ስልህ!"

ልጁ አፈረልኝ። ጥሩ አሠልጣኝ አውቃለሁ ብሎ ስልክ ጻፈልኝ፣ ሄደ። ሽጉጡ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። እንዳይከለክሉኝ ብዬ ነው ቤቴን ሸጬ የመጣሁት። አሁን የሚወስድልኝ ሰው አጣሁ።

ነሐሴ 18

በረገፈው የመኪናው መስታወት ፋንታ ላስቲክ የምለጥፍበት ማጣበቂያ ልገዛ ሱቁ ሄድኩ። ባለሱቁ ወሬውን ሰምቷል፤ ተነስቶ ጨበጠኝ። "ካሊፎርኒያዊ አትመስልም" አለኝ። ወረፋው ላይ የነበሩት ራሳቸውን ነቀነቁ፣ በአክብሮት። ዛሬ የሳቀብኝ የለም።

ማጣበቂያውን ሳልይዝ ወጣሁ።

ነሐሴ 21

ሎሬታ በፋሻ በታሰረ እግሯ ወንበር ላይ ሆና ባቄላ ትፈለፍላለች። እባብ ያየ በልጥ በረየ አለችኝ፣ እየሳቀች አይደለም፣ እያዘነችልኝ። ያን ጊዜ ነገርኳት። ገመዱን፣ ወተቱን፣ ሱሪዬን። ውኃ እንዳልነበረ። ጨረስኩት።

"አውቃለሁ" አለች።

"ከየት?"

"ሱሪውን ያጠብኩት እኔ አይደለሁም?"

"ታዲያ ለምን አልጠየቅሽኝም?"

"አንተው እስክትነግረኝ ብዬ። መጠየቅ ነበረብኝ፣ ሊላንድ። ፈራሁ።"

አለቀስኩ። እሷም። ባቄላው ተበተነ።

ነሐሴ 22

አብረን ሄደን ሽጉጡን ለሻጩ መለስን። እሷ ናት የያዘችው፣ በፎጣ ጠቅልላ። ሰውየው አገላብጦ አየውና ተቀበለ። ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ ኖሮ እነግረው ነበር። ሁሉንም።

መስከረም 6

ቨርና ይቅር ብለውኛል፤ ደጋግመው ነግረውኛል፣ ክንዳቸውም ድኗል። ቤታቸው ሄጄ ስለ ሽጉጡ ነገርኳቸው፣ እንደሌለ፣ እንደመለስነው። "ጎበዝ" ብለው ጉንጬን ሳሙኝ። ዛሬ የቲማቲም ማርማላታ ይዘውልን መጡ። ሳያንኳኩ የሚገቡት ሴት ግን መንገዱ ላይ ቆሙ። "ሊላንድ! ቨርና ነኝ! እየመጣሁ ነው!" ብለው ጮኹ። እንዲህ የሚያደርጉት እሳቸው ብቻ አይደሉም። ፖስተኛውም ከሩቅ ያፏጫል። ለቤተ ክርስቲያኑ ብስኩት ልትሸጥ የመጣችውን ልጅ እናቷ መኪና ውስጥ ሆና ሌላ ቤት እንሂድ ስትላት ሰምቻለሁ። ልወቅሳት አልችልም። እኔም ብሆን ልጄን እዚህ በር አልሰድም።

እኔ ሰው ስፈራ ኖሬ... የሚፈራኝ ሰው ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ሎሬታ ከልምምድ ተመለሰች። መኪናውን ሰማሁ፣ ደረጃው ላይ እግሯን ሰማሁ፣ እያነከሰች ስለሆነ ይለያል። ማድጋ የሚያህል የአበባ ማሰሮ እጠግን ነበር፣ እጄ ጭቃ ነው። ሽጉጥ በቤቱ እንደሌለ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

ቁልፏ ሲያቃጭል ሰማሁት። በሩ ግን አልተከፈተም።

"ሊላንድ" አለች፣ ከውጭ ሆና። "እኔ ነኝ።"

ግቢ እስክላት ድረስ አልገባችም።